ጉም የዘገነው ሰው

ባገራችን አነጋገር የማይጨበጠውን ሊጨብጥ የሚደክም ሰው “ጉም ይዘግናል” ይባላል። እኔ ግን አባባሉን ከመስማቴ በፊት ጉም ዘግኛለሁ። ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር ወደ ደሴ ስንጓዝ፣ አውቶቡሳችን ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ እንደ ዔሊ መጓዝ ጀመረ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። እኔ በመስኮቱ እጄን ሰድጄ ከዚያ ነጭ ነገር አንድ እፍኝ ዘገንኩ። መዳፌን ስከፍት ምንም አልነበረበትም። አባቴ ሳቁና “ጉም አይዘገንም፣ ልጄ!” አሉኝ። አፈርኩ። መዳፌ ባዶ መሆኑን እንጂ እርጥብ መሆኑን ልብ አላልኩም ነበር።

ጉም መሬት የነካ ደመና ነው። ደመናስ ምንድን ነው? እርግጥ ነው፣ ውኃ ነው። ነገር ግን በአየር ውስጥ ያለው ተን ለዓይን አይታይም፤ የሚታየው ተኑ ተሰብስቦ ጠብታ ሲሆን ነው። ታዲያ ያ የማይታይ ተን ምን ላይ ተሰብስቦ ነው ጠብታ የሚሆነው? ጤዛ ሣር ይይዛል፤ የጀበናው እንፋሎት ክዳኑን ያረጥባል። በባዶ ሰማይ ላይ ግን ሣርም ክዳንም የለም!

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት ሰዎች ታሪክ ብዙ አይነገርም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1875 ፈረንሳዊው ፖል-ዣን ኩልዬ፣ ከእርሱም በኋላ ራሱን ችሎ የስኮትላንዱ ጆን ኤትከን አንድ ዓይነት ነገር አስተዋሉ። ኤትከን ሁለት ትላልቅ የብርጭቆ ዕቃዎች አዘጋጀ። በአንደኛው ውስጥ እንዲሁ የምንተነፍሰውን አየር፣ በሌላው ደግሞ በጥጥ አጣርቶ ከአቧራ ያነጻውን አየር ሞላ፤ ከዚያም በሁለቱም ውስጥ እንፋሎት ለቀቀ። የመጀመሪያው ዕቃ ወዲያው በነጭ ጉም ተሞላ። ሁለተኛው እንደ ጠራ ቀረ።

ኤትከን ይህን በ1880 ለኤድንብራ ሮያል ሶሳይቲ ሲያቀርብ የደረሰበት መደምደሚያ ሰሚውን የሚያስደነግጥ ነበር፤ አቧራ ባይኖር ጉም የለም፣ ደመና የለም፣ ምናልባትም ዝናብ የለም። ተኑ ማረፊያ ፍለጋ በቀጥታ በልብሳችን ላይ፣ በቤታችን ግድግዳ ላይ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠብ ነበር። ከጫማችን የምናራግፈው፣ ከመደርደሪያው የምንጠርገው ያ የተናቀ ነገር ለዝናብ መቀመጫው ኖሯል!

*

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሰው ቻርልስ ዊልሰን ነው። የስኮትላንድ በግ አርቢ ልጅ ነው፤ አባቱን በአራት ዓመቱ አጥቷል። በመስከረም 1894፣ በ25 ዓመቱ፣ ቤን ኔቪስ በተባለው የብሪታንያ ከፍተኛ ተራራ ጫፍ ላይ ወደነበረው የአየር ሁኔታ መመልከቻ ጣቢያ ወጥቶ ጥቂት ሳምንታት ቆየ። በ1883 የተከፈተው ይህ ጣቢያ ተመልካቾቹ ሌት ከቀን በየሰዓቱ የሙቀቱንና የነፋሱን መጠን የሚመዘግቡበት፣ በክረምት በበረዶ የሚቀበር የድንጋይ ቤት ነበር። በ1904 በገንዘብ እጦት ተዘግቶ፣ ዛሬ ፍርስራሹ ብቻ ቀርቷል።

አንድ ቀን ዊልሰን ፀሐይን በጀርባው አድርጎ ከበታቹ የተዘረጋውን ደመና ተመለከተ። ጥላው በደመናው ላይ ወድቋል፤ በጥላው ዙሪያ ደግሞ ቀስተ ደመና የሚመስሉ የቀለም ቀለበቶች ከበዋል። ይህ ውበት ልቡን ወሰደው። ከተራራው ሲወርድ የተመኘው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ያንን ውበት በቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ ማየት ብቻ!

ካምብሪጅ ተመልሶ በ1895 ሥራ ጀመረ። ብርጭቆውን በገዛ እጁ እየነፋ ዕቃውን ሠራ፤ ብዙ ጊዜ ተሰነጠቀበት፤ ደግሞ ነፋው። እርጥብ አየር በድንገት እንዲሰፋ ሲደረግ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ተኑ ጠብታ ይሆናል። እንደ ኤትከን አቧራውን አስወገደ፤ ጉሙም ጠፋ። ነገር ግን ዊልሰን እዚያ ላይ አላቆመም፤ አየሩን ይበልጥ አሰፋው። ተኑ አየሩ በተለመደው ሁኔታ ሊይዘው ከሚችለው አራት እጥፍ ያህል ሲደርስ፣ አቧራ በሌለበት አየር ውስጥ ጥቂት ጠብታዎች ታዩ። ምን ላይ ነው ያረፉት? ኤክስሬይ በዕቃው ውስጥ ሲያሳልፍ ጠብታዎቹ በዝተው ድፍን ጉም ሆኑ። ያረፉት የኤሌክትሪክ ኃይል ባላቸው ቅንጣቶች ማለትም በአዮኖች ላይ ነበር።

በ1911 ይህ የብርጭቆ ዕቃ ማንም ያላየውን አሳየ። ከራዲየም የሚወነጨፉት ቅንጣቶች በዕቃው ውስጥ ሲያልፉ በየመንገዳቸው ቀጭን የጉም ክር እየተዉ ሄዱ፤ ዊልሰንም ፎቶግራፍ አነሣቸው። በ1927 የኖቤልን ሽልማት ከአርተር ኮምፕተን ጋር ተካፈለ። በ1932 ካርል አንደርሰን ፖዚትሮንን ያገኘው በዚሁ የደመና ሣጥን ነው። እነሆ፣ በተራራ ላይ የታየ የቀለም ቀለበት የዓለምን ጥቃቅን ምሥጢር እስከ መክፈት አደረሰ። ጉም የዘገነ ሰው ቢኖር እርሱ ነው።

*

ይሁን እንጂ ሰማይ የዊልሰን ሣጥን አይደለም። በእውነተኛ ደመና ውስጥ ትርፉ ተን አንድ በመቶ እንኳ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው፤ አራት እጥፍማ ከቶ አይታሰብም። ስለዚህ በላያችን የሚንሳፈፈው ደመና ዛሬም ድረስ የኤትከን ነው፤ የባሕር ጨው፣ የበረሃ አቧራ፣ የእሳት ጢስ፣ የፋብሪካ ብናኝ ያስፈልገዋል። ሳይንቲስቶቹ እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ኤሮሶል ይሏቸዋል።

በ1974 አየርላንዳዊው ሾን ቱሚ ይህን ሐሳብ አንድ እርምጃ ወሰደው። ውኃው ያው ሆኖ ብናኙ ቢበዛ፣ ውኃው ለብዙ ይከፋፈላል፤ ጠብታዎቹም ይበዛሉ፣ ያንሳሉ። አሞሌ ጨው ሲፈጭ እንደሚነጣ ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ደመናም ይነጣል፤ የፀሐይንም ብርሃን አብዝቶ ወደ ሕዋ ይመልሳል። ማስረጃው በውቅያኖስ ላይ ተጽፎ ነበር፤ በ1960ዎቹ የሳተላይት ሥዕሎች ላይ መርከቦች ባለፉበት በደመናው ላይ ነጫጭ መስመሮች ታይተዋል። እንደ ዊልሰን ቅንጣቶች ሁሉ መርከቦቹም መንገዳቸውን በደመና ጻፉ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደኝ። ከነዳጅ የሚወጣው ጢስ ሳንባ ይበላል፤ ሰው ይገድላል። ነገር ግን ያው ጢስ ደመናን እያነጣ የምድርን ሙቀት በከፊል ሲሸፍን ኖሯል። በ2020 ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደውን ድኝ ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ሲያወርድ አየሩ ጠራ፤ ነጫጮቹ መስመሮችም ሳሱ። ይህ ሙቀቱን ምን ያህል እንደጨመረ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ክርክሩ ብቻ አይደለም። አንዱ በደላችን ሌላውን በደላችንን ሸፍኖልን መኖሩ ነው። ጢሱን ማጥራት ግዴታችን ነው፤ ስናጠራው ግን የተደበቀው ዕዳ ፊት ለፊት ይቆማል። ዕዳው የጢሱ አልነበረም፤ የእኛው ነበር።

ዊልሰን ይህን ዘመን አላየም። በሰኔ 1895 ቤን ኔቪስ አጠገብ ሳለ ነጎድጓድ ደርሶበት ፀጉሩ ቆሞ ነበር፤ ሸሽቶ ተረፈ። ያ ድንጋጤም እንደ ውበቱ አልተረሳውም። ስለ ነጎድጓድ ደመና ኤሌክትሪክ የመጨረሻ ጽሑፉን ያሳተመው በ1956፣ በ87 ዓመቱ ነው። በ1959፣ በ90 ዓመቱ፣ በተወለደባት ስኮትላንድ አረፈ።

አባቴም አርፈዋል። ባለፈው ጊዜ በጣርማ በር ሳልፍ ጉሙ እንደ ድሮው መንገዱን ሸፍኖት ነበር። መስኮቱን ከፍቼ እጄን ሰደድኩ፤ ጨበጥኩ፤ መልሼም ከፈትኩት። በዚህ እርጥበት ውስጥ የስንቱ ምድጃ ጢስ፣ የስንቱ አገር አቧራ እንዳለ አላውቅም። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ትኩር ብሎ ያየኛል። መዳፌን አሳየሁት።