ሠላሳ ጠጠር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምተርክላችሁ የገንዘብ ነገር ነው፤ ግን የባንክና የሀብታም ወሬ አይደለም። የታሪኩ ባለቤቶች አንዲት የፎገራ ሴት፣ ባሏና ሠላሳ ጠጠር ናቸው። ሴትዮዋ አክስቴ ነች። ስሟን አልጠራም፤ የቤቷን ገበና እየተረክሁ ስሟንም ባወጣው በደል ይሆንብኛል።

መጀመሪያ አገሩን ላሳያችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ ሐሙሲትን አልፋችሁ የጉማራን ድልድይ ስትሻገሩ መሬቱ እንደ ሰሌን ይነጠፋል። በግራ በኩል እስከ ጣና ድረስ ዓይን የሚያግድ ነገር የለም። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወረታ ትገኛለች። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ ይዘልቃል። ይህን ሜዳ በክረምት ያየ ሰው በታህሳስ ቢመለስ አያውቀውም። በክረምት ርብና ጉማራ የደጋውን አፈርና ውሃ ጠራርገው አምጥተው ሜዳው ላይ ያሳድሩታል። በታህሳስ ያው ሜዳ የሩዝ ክምር ይሆናል። በየአውድማው በሬ ይሽከረከራል፤ ወረታ ከተማ ውስጥ የመፈልፈያው ጩኸት ከጠዋት እስከ ማታ አይበርድም፤ አይሱዙው ኩንታል ጭኖ ይወጣል።

ሩዙ ለዚህ አገር የቅርብ እንግዳ ነው። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ያስጀመሩት። ከዚያ በፊት ውሃ የሚተኛበት መሬት ለፎገራ ከብት ግጦሽ፣ ውሃው ሲሸሽም ለጓያ ነበር። ዛሬ ኤክስ ጅግና የሚባለውን ዘር የማያውቅ የፎገራ ገበሬ የለም፤ ወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሞባታል። እንጀራው ከጤፍ ጋር ከሩዝ ይጋገራል፣ ጠላው ከሩዝ ይጠመቃል። ሰዉ ሩዙን ነጭ ወርቅ ይለዋል።

ታዲያ ይህ ወርቅ አንድ ጠባይ አለው። ባንዴ ነው የሚመጣው። ውሃው በነሐሴ ሜዳውን እንደሚሞላው፣ ገንዘቡም በታህሳስ ቤቱን ይሞላዋል፤ እንደ ውሃውም ይሸሻል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ከጥቂት ዓመት በፊት አክስቴ ደወለችልኝ። “ስማ፣ የቤት ገንዘብ አያያዝ ሊያስተምሩን ነው፣ ሦስት ቀን። አንተ ፊደል ቆጥረሃል፣ መጥተህ ከጎኔ ተቀመጥ” አለችኝ። የቀበሌው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር አባል ናት። ባሏን ጋሼን ግን ማንም ሊያሳምነው አልቻለም ነበር። “ምን ገንዘብ አለኝና ነው አያያዙን የምማር?” ይላል። በመጨረሻ የመጣው ሩዙ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ገና ስላልተሸጠ ነው። ሥራው ላላ ብሎለት ነበር።

ሥልጠናው በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ነበር፤ ቆርቆሮ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የሩዝ በሽታ ሥዕል። አሠልጣኟ ወጣት ልጅ ነች፤ አንደበቷ የሰላ፣ ሰው አክባሪ። ቅጽ አደለችን። ከላይ “ወርሃዊ ገቢ” ይላል፣ ከሥሩ “ወርሃዊ ወጪ”፣ ከሥሩ “ቁጠባ”። እኔ ደሞዝተኛ ነኝና የራሴን ወዲያው ሞላሁት። ቀና ብዬ ሳይ አርባ የሚሆነው ሰው ብዕሩን ይዞ ቁጭ ብሏል።

አክስቴ እጇን አነሳች። “ልጄ፣ የየትኛውን ወር ነው የምንሞላው?”

“የማንኛውንም ወር እናታችን። በወር በአማካይ የሚያገኙትን።”

“እኔ በወር አላገኝም። በታህሳስ ነው የማገኝ። በሐምሌ ያየሽኝ እንደሆነ ቤቴ የሚጮህ ሳንቲም የለም። ታዲያ የታህሳሷን እኔን ልጻፍልሽ፣ የሐምሌዋን?”

ቤቱ ጸጥ አለ። ያቺን ልጅ ያከበርኳት ያን ጊዜ ነው። ቅጹን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ትልቅ ክብ አሠመረችና አሥራ ሦስት ቦታ ከፈለችው፣ ጳጉሜንን ቀጭን አድርጋ። “በሉ እናንተ አስተምሩኝ፤ ገንዘብ የሚገባው መቼ ነው? የሚወጣውስ?” አለች። ሰዉ ተንጫጫ። መግቢያው ኅዳር፣ ታህሳስ፣ ጥር ላይ ታጭቆ ቀረ። መውጫው ክቡን ሞላው፤ በጥር ሠርግ፣ በሚያዝያ ፋሲካና ቅርጫ፣ በሰኔ ማዳበሪያ፣ በሐምሌና በነሐሴ የአረም ሠራተኛ፣ በመስከረም የልጆች ደብተርና ልብስ። ደሞዝተኛ ከወር እስከ ወር ይሻገራል። የፎገራ ገበሬ ግን ከታህሳስ እስከ ታህሳስ ነው የሚሻገረው፤ ድልድዩም ሩቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ የድግስ ነገር ተነሳ። “አላስፈላጊ ድግስ መቀነስ” ስትል ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ተነሡ። “ልጄ፣ በ1998 ክረምት ርብና ጉማራ ሰብረው ቤታችን ሲገቡ አንቺ ሕፃን ነበርሽ። ልጆቼን ትከሻው ላይ አድርጎ ያወጣቸው የማኅበር ወንድሜ ነው። ያን ማኅበር በየትኛው ዓምድ ትጽፊልኛለሽ?” እኔም ከሽማግሌው ጋር ነኝ። ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ እድሩ በቅጽ ላይ ወጪ መስለው ይታዩ እንጂ የክፉ ቀን ዋስትና ናቸው። ጥያቄው ይደገስ አይደገስ ሳይሆን በምን ገንዘብ ይደገስ የሚለው ነው።

ወደዚያ የሚወስደን ደግሞ የብድር ነገር ነው። በክልሉ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ አብቁተ የሚለው፣ ከ1989 ጀምሮ ፈቃድ ይዞ ገበሬውን በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል፤ በኋላ ፀደይ ባንክ ሆኗል። እቁቡም አለ። ግን ችግር በድንገት ሲመጣ ሰው የሚሄደው ወደ ቅርቡ ነው። መሬቱን በወለድ አግድ ይሰጣል፤ ብሩን እስኪመልስ ድረስ አራሹ አበዳሪው ይሆናል። ወይም ሩዙን ገና ማሳ ላይ ሳለ ይሸጠዋል። አሠልጣኟ ሰሌዳው ላይ አሰላችው። ነሐሴ ላይ የሁለት ኩንታል ዋጋ የተቀበለ ሰው ታህሳስ ላይ ሦስት ኩንታል ቢሰፍር፣ በአራት ወር ሃምሳ በመቶ ወለድ ከፈለ ማለት ነው። ጋሼ አንገቱን ደፋ። ለምን እንደደፋ የገባኝ በማግስቱ ማታ ነው።

የሁለተኛው ቀን የቤት ሥራ የቤተሰቡን ዓመት ባልና ሚስት ተቀምጠው እንዲያሰሉ ነበር። አክስቴ መጻፍ አትችልም። ከደጅ ጠጠር ለቅማ ገባች፤ ሠላሳ። “ዘንድሮ ያገባነው ሠላሳ ኩንታል ነው። አንዱ ጠጠር አንድ ኩንታል ነው” አለችና ምድጃው ፊት ዘረገፈችው። ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ደብተር ይዛ ተቀመጠች።

“ለምግብ ዘጠኝ።” ዘጠኝ ጠጠር ወደ ግድግዳው ሄደ።

“ለዘር አንድ። ለማዳበሪያ አምስት። ለአረም አራት።” አሥራ አንድ ቀረ።

“ለእናትህ ተዝካር የተበደርከው አራት” ብላ አራት ስትቆጥር ጋሼ ዝም አለ። ቆየና እጁን ዘርግቶ ሁለት ጠጠር ጨመረበት።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ስድስት ነው የምሰፍርለት።”

እሳቱ ብቻ ነበር የሚሰማው። አክስቴ ሁለቱን ጠጠሮች ለይታ መዳፏ ላይ አደረገቻቸው። “ማሳ ላይ ሸጥኸው?”

“እናቴን በባዶ እጄ ልሸኛት?”

“ማን በባዶ እጅ ሸኛት አለህ? እኔም አልቅሻታለሁ። ብትነግረኝ እኮ የሴቶቹ እቁብ ላይ ዕጣዬን አስቀድሙልኝ እል ነበር። ሐዘን ለገባበት ማን ይከለክላል? ብትነግረኝ ይህ ሁለት ኩንታል ጎታችን ውስጥ ነበር።”

ወገኖቼ፣ ከሦስቱ ቀን ሥልጠና ሁሉ የበለጠውን ትምህርት ያገኘሁት እዚያች ላይ ነው። ቤቱ ያጣው ሁለት ኩንታል በስካር ወይም በስንፍና አልጠፋም። ባል የሚያውቀው ብድር ነበር፣ ሚስት የምታውቀው እቁብ ነበር፤ ሁለቱ ሳይገናኙ በመካከል ነጋዴው ገባ። ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም። ወንድ ልጅ ጭንቀቱን ለሚስቱ አያወራም ተብሎ ያደገ ሰው ነው፤ ያም አስተዳደግ በኩንታል ዋጋ አስከፈለው።

ቆጠራው ቀጠለ። ለብድሩ ስድስት ሄደ፣ ለትምህርት ቤትና ለልብስ ሁለት። ሦስት ጠጠር ቀረ። ለሰንበቴው፣ ለማኅበሩ፣ ለፋሲካውና ለዘመድ ሠርግ አምስት ያስፈልጋል። ልጅቷ ከደብተሯ ቀና ብላ “ብንታመምስ?” አለች። ለህመም የተያዘ ምንም የለም።

ጋሼ “አይበቃም” አለ፤ የሚነሳም መሰለ። አክስቴ “ቁጭ በል” አለችው። ጓዳ ገባችና ሦስት ፍሬ ሽምብራ ይዛ መጣች። አንድ በአንድ ከጠጠሮቹ አጠገብ ደረደረቻቸው። “ይሄ በገበያ ቀን የምሸጠው ጠላ። ይሄ የዶሮዬ ዕንቁላል። ይሄ ሩዙ ሲነሳ እርጥበቱ ላይ የምንዘራው ሽምብራ፤ እኔ ነኝ ለቅሜ የምሸጠው። በዓመት ቢጠራቀም ከሦስት ኩንታል ዋጋ አያንስም። እስከ ዛሬ ማንም ቆጥሮት አያውቅም።”

እኔም አልቆጠርኩትም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቅጽ ላይ የአክስቴን ገቢ ስጽፍላት የሩዙን ብቻ ነው የጻፍኩት። የቤት ጨው፣ ሳሙና፣ በርበሬ፣ የልጅ እስክሪብቶ ዓመቱን ሙሉ ከዚያች ጠላና ዕንቁላል ይወጣል፤ መዝገብ ላይ ግን የለችም።

እዚያው ፎገራ ወረዳ ውስጥ ዙምራ ኑሩ በ1964 የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ አለ። የወንድ ሥራ የሴት ሥራ ብለው አይለዩም፤ ወንዱ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች፤ ሠርግም ያለ ትልቅ ድግስ ነው። የማኅበሩ አባላት በጋራ ሠርተው ያገኙትን በዓመቱ ይከፋፈላሉ። ጎረቤቱ ለዘመናት በጥርጣሬ ሲያያቸው ኖሯል፤ ጋሼም ከእነዚያ አንዱ ነበር። በዚያች ሌሊት ግን ሽምብራዎቹን እያየ “አውራ አምባዎች የሴቱን ሥራ ይቆጥሩታል ይባላል” አለ። ሌላ አልጨመረም።

ከሦስቱ ጠጠርና ከሦስቱ ሽምብራ አምስቱ ለድግሱ ተያዘ፣ አንዷ ለህመም። ጋሼ ትንሽ አሰበና ከድግሱ አንድ ጠጠር አንስቶ ወደ ህመሙ አሻገራት። “ዘንድሮ ተራዬ ሲደርስ በግ አላርድም። ማኅበሩን በጠላና በዳቦ አወጣለሁ፤ ጻድቁ አይቀየሙኝም።” ልጅቷ ሁሉንም ጻፈች። እሱም “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ነገ ሐሳቤን ብቀይር በዚህ ልትይዙኝ ነው” አለ። አክስቴ “ወረቀቱ አይልቀቅህ” አለችው፤ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሣሣቁ።

በሦስተኛው ቀን አሠልጣኟ የሁሉንም ሒሳብ አየች። ብዙው ሰው በብር ነው ያሰላው። የአክስቴን ስታይ “በኩንታል ነው እንዴ?” አለች። አክስቴም “ብር እኮ በታህሳስና በሐምሌ አንድ አይደለም። ሩዜ ካልተፈለፈለ አይበላሽም፤ አይጡን እጠብቃለሁ። ማዳበሪያ ሲመጣ የማዳበሪያዋን አምስት ያን ጊዜ አወጣታለሁ፤ ባንዴ ሸጬ ብሩን ትራስ ሥር አላደርግም” አለች። ትክክል ነበረች። ከዚያ ወዲህ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ የብር ዋጋ በእጅጉ ሲወርድ፣ በብር የያዝኩት የእኔ በጀት ተናወጠ። በኩንታል የያዘችው እሷ ግን ጎታዋን ከፍታ ነው ዓመቱን የቆጠረችው።

ሁሉ ነገር ተቃና አልላችሁም። በዚያ ዓመት አንድ በሬ ታሞባቸው የህመሙ ሁለት ጠጠር እሱ ላይ አለቀ። ግን ነሐሴ ሲገባ ነጋዴው በልማዱ መጥቶ ማሳውን ዓይቶ ዋጋ ሲጠራ፣ ጋሼ “ባለቤቴን ልጠይቃት” ብሎ መለሰው። ጠየቃት፤ አልሸጡም።

ሥልጠና የምታዘጋጁ ሰዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ አንድ ልመና አለኝ። ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ጥሩ። ቀኑን ሩዙ ሳይሸጥ አድርጉት። ቅጹንም ከኅዳር ጀምሩት፤ ለጠላዋና ለዕንቁላሏም አንድ ዓምድ ይኑር።