ከኩራዝ ጥላሸት እስከ ታቱ ማሽን፦ የንቅሳት ታሪክና የአዲስ ንቅሳት እንክብካቤ



ከወላጆች በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ልጄ ከተማ ሄዳ ታቱ ተነቅሳ መጣች። እንዳልቆጣት ፈርታ በረጅም እጅጌ ሸፍና ሰነበተች። አሁን ክንዷ አብጦ ያቃጥላታል፤ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። እንዲህ ብለው ከሚጠይቁኝ እናቶች አንዳንዶቹ ራሳቸው ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ላይ ደግሞ የንቅሳት መስመር ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ከምክሩ በፊት ታሪኩን እናንሳ። ታሪኩን ስናውቅ እያንዳንዱ ምክር ለምን እንደሚሰጥ ይገባናል።

👉 ንቅሳት ለእኛ አዲስ አይደለም

ከደሴ ወደ ወልድያ ስትጓዙ ሐይቅን አልፋችሁ ውጫሌ ትደርሳላችሁ። በገበያ ቀን ዕድሜ የጠገቡ እናቶችን ልብ ብላችሁ እዩ። ነጠላው ሸርተት ሲል የሚታየው የአንገት ንቅሳት፣ ሲስቁ የሚታየው የጠቆረ ድድ፣ የዚያ ዘመን የቁንጅና ምልክት ነው። በወሎ ብቻ ሳይሆን በጎንደር፣ በጎጃምና በትግራይም ልማዱ ሰፊ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ነቃሿ ከኩራዝ ወይም ከድስት ሥር የተጠራቀመ ጥላሸት ወስዳ በውኃ ወይም በቅጠል ጭማቂ ትበጠብጠዋለች። ከዚያ በመርፌ ወይም በእሾህ ቆዳውን እየወጋች ጥቁሩን ታስገባለች። ልጅቱ ሕመሙን ችላ ትቀመጣለች፤ ቁስሉ ያብጣል፣ ይቀረፋል፣ ይድናል። ሁሉም ግን በሰላም አልዳነም።

ለምን ይነቀሱ ነበር? አንዱ ለውበት ነው። ሁለተኛው ለእምነት ነው፤ የግንባር መስቀል ማንነትን ይናገራል፣ ከክፉ ዓይንም ይጠብቃል ተብሎ ይታመን ነበር። ሦስተኛው ለሕክምና ነው። ድዱን የተነቀሰ የድድ ሕመም ይተወዋል፣ አንገቱን የተነቀሰ እንቅርት አይወጣበትም ይባል ነበር።

እዚህ ላይ እንደ ሐኪም ልናገር። የእንቅርት ዋና ምክንያት በደጋው አፈርና ምግብ ውስጥ የአዮዲን ማነስ ነበር። መፍትሔው መርፌ ሳይሆን አዮዲን ያለው ጨው ነው፤ ኢትዮጵያም በ2003 ዓ.ም. ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ አውጥታለች። የድድ መድማትም የሚድነው በጥርስ ጽዳትና በሕክምና ነው። እናቶቻችን ግን አልተሳሳቱም ብለን አንፍረድባቸውም፣ አናላግጥባቸውም፤ በጊዜው በእጃቸው የነበረው ይኸው ነበር።

👉 ከእኛ ውጭም

በ1991 እ.ኤ.አ. በጣልያንና በኦስትሪያ ድንበር ላይ ካለ የበረዶ ተራራ የአንድ ሰው አስከሬን ተገኘ። ከ5 ሺህ ዓመት በላይ ቆይቷል። በቆዳው ላይ 61 ንቅሳቶች ተቆጥረዋል፤ ቀለሙም እንደ እኛው ጥላሸት ነው። በጎረቤታችን በጥንታዊት ኑቢያም ወደ 4 ሺህ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው የተነቀሱ ሴቶች አስከሬን ተገኝቷል።

የዛሬው ታቱ ማሽን ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ ላይ ምኒልክና የጣልያን መልእክተኛ ውሉን ፈረሙ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ፣ በ1884 ዓ.ም.፣ ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ የኒው ዮርክ ነቃሽ በኤሌክትሪክ ለሚሠራ መንቀሻ የፈጠራ መብት አገኘ። ሐሳቡን የወሰደው ከኤዲሰን የኤሌክትሪክ ብዕር ነው። የውጫሌን ውል ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ሽረውታል። ቆዳ ላይ የተጻፈ ውል ግን እንዲህ በቀላሉ አይሻርም።

👉 ቀለሙ ለምን አይለቅም?

መርፌው ቀለሙን የሚያደርሰው ከላይኛው ቆዳ ሥር ወዳለው ሁለተኛ ሽፋን ነው። የሰውነታችን ተከላካይ ሴሎች ባዕድ ነገር ገባ ብለው ይመጡና ቀለሙን ይውጡታል፤ መፍጨት ግን አይችሉም። ሴሉ ሲሞት ቀለሙን ይለቀዋል፣ ሌላ ሴል መጥቶ መልሶ ይውጠዋል። ይህን የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ አሳይተዋል። ስለዚህ ንቅሳት ማለት ሰውነታችን ዕድሜ ልክ የሚሸከመው ባዕድ ነገር ነው፤ አዲስ ሲሆን ደግሞ በመቶዎች ጊዜ የተወጋ ክፍት ቁስል ነው።

👉 መርፌው ያመጣው ጣጣ

በድሮው ልማድ አንዲት ነቃሽ ብዙ ልጆችን በአንድ መርፌ ትነቅስ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም.) ኤችአይቪ በአገራችን ሲታወቅ፣ ስለታም ነገርን በጋራ አትጠቀሙ የሚለው ትምህርት ንቅሳትንም ከጎጂ ልማዶች ጋር አነሳው። ብዙ ወጣቶች ያን ጊዜ ንቅሳትን ተዉት፤ አንዳንድ የተነቀሱትም በከተማ እያፈሩ በነጠላና በሻርፕ ይሸፍኑት ጀመር።

ዛሬ ያው መርፌ ታቱ ተብሎ ተመልሷል። አደጋውም አብሮ አለ። በተለይ የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ቢ) ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። በአገራችን የዚህ ቫይረስ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ ምናልባት አልተከተባችሁም፤ ስለ ምርመራውና ስለ ክትባቱ ጤና ተቋም ጠይቁ።

ለመነቀስ የቆረጠ ሰው መርፌው ፊቱ ከታሸገ ወረቀት ሲወጣ ይይ፣ ቀለሙም በአዲስ ትንሽ ዕቃ ሲቀዳ ይመልከት። መርፌን በአልኮል መጥረግ ወይም በክብሪት መለብለብ አይበቃም።

👉 ከተነቀሱ በኋላ፦ የቁስሉ እንክብካቤ

1. ቁስሉን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
2. በቀን ሁለት ጊዜ በንጹሕና ለብ ባለ ውኃ፣ ሽታ በሌለው ሳሙና በቀስታ እጠቡት። አትፈትጉት። በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን እያላችሁ አድርቁ።
3. ቫዝሊን በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ወፍራም ቅባት ቁስሉን ያረጥበዋል።
4. የምግብ ቅቤ፣ አመድ፣ የቡና ዱቄት፣ የተቀጠቀጠ ቅጠል ወይም አረቄ አታድርጉበት። ጀርም ያስገባሉ ወይም ቆዳውን ያቃጥላሉ።
5. ቅርፊቱን አትላጡ፣ ሲያሳክክም አትከኩ። ራሱ ይረግፋል።
6. እስኪሽር ድረስ፣ ማለትም ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል፣ በሐይቅ፣ በወንዝ ወይም በገንዳ ውኃ ውስጥ አትዘፈቁ። ጠበል የምትጠመቁ ካላችሁም ቁስሉ እስኪደርቅ ታገሡ።
7. ከፀሐይ በላላ የጥጥ ልብስ ከልሉት። የሚያጣብቅ ልብስ አይሁን።

የላይኛው ቆዳ በሁለት ሦስት ሳምንት ይድናል፤ ከሥር ያለው ግን ወራት ይፈልጋል። የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ እርጉዝ የሆናችሁ፣ ወይም ቁስላችሁ ሲድን ከመጠን በላይ እያበጠ ጠባሳ የሚተው (ኪሎይድ) ከሆናችሁ ከመነቀሳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ብትቀሩ ደግሞ ይሻላል።

⚠️ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄዱት መቼ ነው?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ማበጥና ማቃጠል የተለመደ ነው። ነገር ግን ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከጨመረ፣ መግል ከወጣ፣ እብጠቱ ከተስፋፋ፣ ከቁስሉ ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄድ መስመር ከታየ፣ ብብት ወይም ብሽሽት ላይ ንፍፊት ከወጣ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ አትጠብቁ። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ በእጃችሁ ጀርባ ዳብሱት። ከዙሪያው ይልቅ የሚሞቅና የጠነከረ ከሆነ ምልክት ነው። ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አትዋጡ። የቴታነስ ክትባታችሁንም አስታውሳችሁ ለባለሙያው ንገሩ።

👉 ማጥፋት ለምትፈልጉ

የድሮ ንቅሳታችሁን በአሲድ፣ በበረኪና ወይም በጋለ ብረት ለማጥፋት አትሞክሩ። ንቅሳቱ ሄዶ የባሰ ጠባሳ ይተካል። ጥቁር የጥላሸት ቀለም በሌዘር ሊደበዝዝ ይችላል፤ ግን ብዙ ቀጠሮ ይጠይቃል፣ በጠቆረ ቆዳ ላይም ነጭ ወይም ጥቁር ነጥብ ሊተው ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ይወስን። እናቶቼ፣ ባታጠፉትም ነውር የለበትም።

በመጨረሻም ለወላጆች። ልጃችሁ ተነቅሳ ወይም ተነቅሶ ሲመጣ መናደዳችሁ ይገባኛል። ግን ቁጣውን አቆዩት፤ አስቀድማችሁ «እስቲ እጅሽን አሳዪኝ፣ እጅህን አሳየኝ» በሉ። ቀለሙ አንዴ ገብቷል፣ ቁጣችሁ አያወጣውም። ከፍርሃት የተነሳ ተሸፍኖ የሰነበተ ቁስል ግን ደም ሊመርዝ ይችላል። ያቺ ከላይ ያነሳኋት ልጅ የሚያስፈልጋት በመጀመሪያው ቀን ክንዷን አይቶ ውኃና ሳሙና የሚያቀርብላት ሰው ነበር። የአንገት ንቅሳት ያላት እናት ደግሞ ከማንም በላይ ይህን ታውቃለች፤ እሷም በዚያ ዕድሜዋ ቁስሉን ችላ አልፋዋለች።

ጥያቄ ካላችሁ በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ። ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት።