ኤሊዋና የኬጂ ልጆች

እስኪ አንድ የኬጂ ተማሪ «ኮምፒውተር ተማርኩ» ብሎ ቤት ሲመጣ ምን እንደተማረ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ የምትሰሙት «ሞኒተር፣ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ሲፒዩ» የሚል ዝማሬ ነው። እኛም ያለፍነው በዚሁ መንገድ ነው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ ጨርቅ የለበሰውን ማሽን ከብበን፣ «እንዳትነኩ!» እየተባልን የክፍሎቹን ስም ሸመደድን። የትምህርቱን ታሪክ ወደኋላ ሄደን ስናገላብጥ ግን አጀማመሩ ፍጹም ተቃራኒ ሆኖ አገኘነው። መጀመሪያ የመጣው መንካት ነበር፤ ስም መጥራቱ ኋላ የተጨመረ ነው።

ወጋችን የሚነሳው ከአንድ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። የሒሳብ ሊቁ ሲይሞር ፓፐርት በ1928 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፕሪቶሪያ ተወለደ። ከ1958 ጀምሮ ጄኔቫ ውስጥ ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ዣን ፒያዤ ጋር ሠራ። ከፒያዤ የቀሰመው ትልቅ ነገር ልጅ ዕውቀት የሚሞላበት እንስራ አለመሆኑን ነው፤ ልጅ እየነካካ፣ እየተሳሳተ ዕውቀቱን ራሱ ይገነባል። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1967 ከዋሊ ፎይርዛይግና ከሲንቲያ ሰለሞን ጋር ሆኖ ሎጎ የተባለውን የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ሠራ። ያኔ ኮምፒውተር ክፍል የሚያጣብብ፣ ዋጋው የማይቀመስ ዕቃ ነበር። ለልጅ ይሰጥ ማለት ቀልድ ይመስል ነበር።

ጥቂት ቆይቶ «ኤሊ» የተባለች ወለል ላይ የምትሄድ ሮቦት መጣች። ልጁ «ወደፊት 50፣ ወደ ቀኝ 90» ብሎ ሲያዛት ትሄዳለች፣ ትዞራለች፣ በያዘችው ብዕርም ወረቀት ላይ መስመር ታሰምራለች። አራት ጊዜ ከደገመው አራት ማዕዘን ተሠራ ማለት ነው።

ግን አንድ ችግር ነበር። ትእዛዙ በፊደል ይጻፋል፤ የኬጂ ልጅ ደግሞ ገና አያነብም። ይህን የፈታችው በኤም አይ ቲ ተማሪ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን ናት። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኪቦርዱን ትታ መጀመሪያ በአዝራር፣ ቀጥላም በካርድ የሚሠራ መሣሪያ አዘጋጀች። ልጁ ሥዕል ያለባቸውን ካርዶች በቀዳዳዎቹ በተርታ ይሰካና አዝራሩን ይጫናል። ኤሊዋም ትእዛዙን አንድ በአንድ ትፈጽማለች። ካሰበው ቦታ ካልደረሰች የትኛው ካርድ እንዳሳሳተ ፈልጎ ይቀይራል። ከሦስት ዓመት ተኩል ጀምሮ ያሉ ሕጻናት በዚህ ተጫውተዋል። ፐርልማን ኋላ በ1980ዎቹ በኮምፒውተር ኔትወርክ ሥራዋ ስመ ጥር ሆነች፤ ካርዶቹ ግን ለረጅም ጊዜ ተረሱ።

ፓፐርት በ1980 ባሳተመው «ማይንድስቶርምስ» በተባለ መጽሐፉ ዋናውን ክርክር አስቀመጠ፤ ልጁ ኮምፒውተሩን ያዛል ወይስ ኮምፒውተሩ ልጁን? የኛም ጥያቄ ይኸው ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። «አንድ ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ ልጅ» የተባለው የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ፕሮጀክት በ2012 ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ሰጠ። አስተማሪ አልነበረም። ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙ፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል ዘመሩ፤ በአምስት ወር ደግሞ የተዘጋባቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱ።

ዓለም በዚህ ተደነቀ፤ እኛም ኮራን። ግን ቆም ብለን እናስብ። ብዙዎች ከወሬው የወሰዱት «መምህር አያስፈልግም» የሚለውን ነው። እኛ የወሰድነው ሌላ ነው። እነዚያ ልጆች ካሜራውን የከፈቱት «እንዳትነኩ» የሚላቸው ስላልነበረ ነው። በሌላ በኩል ታብሌቱ ያስተማራቸው ኤ፣ ቢ፣ ሲን እንጂ ሀ፣ ሁ፣ ሂን አልነበረም። የኛ ፊደል ግን ከ1999 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ ውስጥ ነበር። ምን መማር እንዳለበት የሚመርጥለት፣ በቋንቋው የሚያዋየው ሰው ልጁ ያስፈልገዋል። ያ ሰው መምህሩ ነው።

በ2014 ለ5 እስከ 7 ዓመት ልጆች የወጣው «ስክራች ጁኒየር» የተባለው ነፃ ፕሮግራም የፐርልማንን ሐሳብ መልሶ አመጣው። ልጁ ሥዕሎችን እየገጣጠመ ድመት ያንቀሳቅሳል፤ ማንበብ ግዴታ አይደለም። ታብሌት የሌለው ኬጂም ቢሆን አይከለከልም። ፓፐርት ራሱ ልጆች በእግራቸው ኤሊዋን ሆነው እንዲጫወቱ ያበረታታ ነበር። አንዱ ኤሊ ይሁን፣ ሌላው «ሦስት እርምጃ ወደፊት፣ ወደ ግራ ዙር» እያለ እስከ በሩ ያድርሰው። ግድግዳ ጋር ከተጋጨ ሁሉም ይስቃሉ፤ ትእዛዙም ይታረማል። ይህ ጠመኔ እንኳ አያስወጣም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ስታስመዘግቡ «ስንት ኮምፒውተር አላችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «ልጄ ምን እንዲያዝበት ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «የክፍሎቹን ስም እናስጠናለን» ከሆነ፣ ያ ማሽን ዛሬም ጨርቁን አላወለቀም ማለት ነው።