ፕላኔቶች በሬዲዮ ሲመሰክሩ

የሚረገጥ መሬት የሌላት፣ ላይዋ ሁሉ ደመና የሆነች ፕላኔት አንድ ቀኗ ስንት ሰዓት እንደሆነ በምን ይታወቃል? ደመናው እንኳ ወገቧ ላይና ዋልታዋ አካባቢ እኩል አይዞርም። ሕግ ለተማረ ሰው ይህ የማስረጃ ጥያቄ ነው፤ እኔን የሳበኝም በዚሁ በኩል ነው።

የጁፒተር ምስክር የተገኘው ሳይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 በርናርድ በርክና ኬኔት ፍራንክሊን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሜሪላንድ ውስጥ በተከሉት አንቴና፣ በ22.2 ሜጋኸርዝ ሰማዩን ሲያዳምጡ የሚንጣጣ ድምፅ ይገባባቸው ጀመር። መጀመሪያ የጠረጠሩት በአካባቢው የሚያልፍ ተሽከርካሪ ነበር። ድምፁ ግን እንደ ከዋክብቱ በየቀኑ አራት ደቂቃ ያህል እየቀደመ ይመጣል። ተሽከርካሪ እንዲህ ያለ ቀጠሮ አያከብርም። አቅጣጫው ሲጣራ ጁፒተር ሆና ተገኘች።

ሞገዱን የሚፈጥሩት በፕላኔቷ መግነጢሳዊ መስክ መስመሮች ዙሪያ የሚሽከረከሩ ኤሌክትሮኖች ናቸው። መስኩ በበረታ መጠን የሞገዱ ድግግሞሽ ይጨምራል። የጁፒተር እስከ 40 ሜጋኸርዝ ስለሚደርስ ከምድር ይሰማል፤ አጭር ሞገድ የሚቀበል ጥሩ ሬዲዮና ተስማሚ አንቴና ያለው ሰው ሊያዳምጠው ይችላል። የሌሎቹን ግን የምድር ከባቢ አየር ላይኛው ክፍል ስለሚመልሰው መንኮራኩር መላክ ግድ ነው። የጁፒተር መግነጢሳዊ ዛቢያ ከመሽከርከሪያ ዛቢያዋ በ10 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ በመሆኑ፣ ሞገዱ ማማ ላይ እንደሚዞር መብራት እየተመላለሰ ይመጣል። ቀኗ 9 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ተኩል ያህል መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው።

ችግር የመጣው በሳተርን ነው። በ1980 እና በ1981 ያለፉት ቮዬጀሮች በሬዲዮ ሞገዷ 10 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ለኩ፤ መጻሕፍትም ተቀበሉት። በ2004 የደረሰችው ካሲኒ ስታዳምጥ ስድስት ደቂቃ ያህል ጨምሮ ተገኘ። ምስክሩ መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ቃሉን ቀየረ ማለት ነው! ያን የሚያህል ግዙፍ አካል በሩብ ምዕተ ዓመት ይህን ያህል ሊዘገይ አይችልም። በኋላም ከሰሜኑና ከደቡቡ የሚመጣው ሞገድ የየራሱ ጊዜ እንዳለው ታየ። የሳተርን መግነጢሳዊ ዛቢያ ከመሽከርከሪያ ዛቢያዋ ጋር ገጥሞ ስለሚቆም፣ ሞገዱ ስለ ውስጧ የሚናገረው የለም፤ የሚመሰክረው በዙሪያዋ ስላለው ጋዝ ነው። በ2019 ተመራማሪዎች ሬዲዮውን ትተው ቀለበቶቿ ላይ ከሚታየው ሞገድ 10 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ አወጡ።

የዩራነስ መግነጢሳዊ ዛቢያ በአንጻሩ 59 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ነው። ቮዬጀር 2 በ1986 የሰጠው ልኬት በ2025 በሐብል ቴሌስኮፕ ሲታረም ልዩነቱ 28 ሰከንድ ብቻ ነበር።