ድካም ሁሉ ስልጠና ነውን? ስለ ሰውነት ብርታት የተሳሳቱ እምነቶች ታሪክ ከምዕራብ ጎጃም አንጻር



ንግግሬን ሁላችሁም በምታውቁት አባባል ልጀምር። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ብትጠይቁ፣ «ገበሬ ምን ስፖርት ያስፈልገዋል? ሥራው ራሱ ስፖርት ነው» ይሏችኋል። የከተማው ሰው ደግሞ «ስፖርት የወጣትና የሯጭ ነገር ነው» ይላል። አንደኛው ስፖርትን በድካም ይተካዋል፤ ሁለተኛው ለጥቂቶች ይተወዋል። የሁለቱ ሥር ግን አንድ ነው፤ ብርታት ከተፈጥሮ የሚሰጥ ሀብት እንጂ በሥርዓት የሚገነባ ነገር አይደለም የሚል እምነት። የዛሬው ዓላማዬ ይህን እምነት በታሪክ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር በዚሁ አገር ያለፈ ዘመቻ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ሲገቡ፣ በኦርድ ዊንጌት ይመራ የነበረውና ኋላ የጌዴዎን ጦር የተባለው ሠራዊት ስንቁንና ጥይቱን ያስጫነው ከሱዳን ቆላ በመጡ ግመሎች ነበር። የግመልን ጥንካሬ የሚጠራጠር የለም። ሆኖም ዳገቱ፣ ብርዱና ያልለመዱት መኖ ተባብረው በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች በየመንገዱ አለቁ። በቡሬና በደምበጫ በኩል ጠላትን ሲያዋክቡ የነበሩት የጎጃም አርበኞች ግን ያንኑ ዳገት ለአምስት ዓመታት ሲወጡትና ሲወርዱት ኖረዋል። ከዚህ የምንማረው፣ ብርታት ለሁሉም ነገር የሚበቃ አንድ ንብረት አለመሆኑን ነው። ሰውነት የሚበረታው በለመደው ነገር ነው።

ሁለተኛው ምስክር አበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛው ወታደር በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ባዶው እግር ለዓለም ጋዜጦች ማራኪ ተረት ሆነላቸው፤ ከተራራ የወረደ፣ ማንም ያላሠለጠነው የተፈጥሮ ልጅ ተደርጎ ተሣለ። እውነቱ ሌላ ነው። አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ሮም ላይ ያገኘው ጫማ እግሩን ስላልተስማማውና ያለ ጫማም መሮጥ ልምዱ ስለነበረ ነው። ከድሉ በስተጀርባ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን የተመራ ታቅዶ የተሠራ ልምምድ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 እንደገና አሸነፈ። ተረቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ጫማው ሊያሰናክለው ይገባ ነበር።

ሦስተኛው እምነት «ከፍታና ትምህርት ቤት ድረስ መሮጥ ሯጭን ይፈጥራሉ» የሚለው ነው። ይህን ጎጃሜ ከማንም ይልቅ ሊመረምረው ይገባል። ሰከላን የሚያህል ደጋ፣ ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ የጮቄ ተራራ፣ ከቤታቸው ርቆ የሚገኝ ትምህርት ቤት ማለዳ በእግር የሚደርሱ ሕፃናት እኛም አሉን። ታዲያ ስመ ጥር ሯጮች በብዛት ከአርሲ የወጡት ስለምን ነው? እ.ኤ.አ. በ2003 ያኒስ ፒትሲላዲስ የተሳተፈበት ጥናት፣ ከማራቶን ሯጮቻችን አብዛኞቹ ከአርሲና ከሸዋ የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ወደ ትምህርት ቤት ይሮጡ የነበሩትም ከሌላው ሰው ይልቅ በእነሱ ዘንድ በዝተው ተገኝተዋል፤ ስለዚህ ሩጫው ዋጋ የለውም አልልም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ተከታይ ጥናት በእናት በኩል የሚወረሰውን ዘረመል መርምሮ፣ ሯጮቹ ከቀረው ኢትዮጵያዊ የተለየ የዘር ሐረግ እንደሌላቸው አረጋግጧል። በቆጂ ከፍታዋ ብቻ ሳይሆን ስንታየሁ እሸቱም ነበራት። ይህ የስፖርት መምህር ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠነ ሰው ነው። ከፍታ የተዘጋጀ መሬት ነው፤ መሬት ግን ያለ ገበሬ አያበቅልም።

አራተኛው እምነት ሴቶችን የሚመለከት ነው። «ሴት ከሮጠች ማኅፀኗ ይጎዳል» የሚለው አባባል የገጠር ሰው አላዋቂነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች 800 ሜትር ሮጠው ሲደክሙ፣ ጋዜጦች ድካማቸውን አጋንነው በማውራታቸው ውድድሩ ለ32 ዓመታት ተሠረዘ። የተመለሰውም አበበ በነገሠባት በዚያችው ሮም ነው። የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ብቻ ነው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ እናት ከሆነች በኋላም በ2000 በሲድኒ ደገመችው። ጎጃም የተወለደችው ውዴ አያሌውም እ.ኤ.አ. በ2009 በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና በዚሁ ርቀት ነሐስ አገኘች። የሚያስገርመው ግን፣ እንስራ አዝላ ዳገት ስትወጣ ማንም «ትጎዳለች» ያላላት ልጅ፣ ሜዳ ላይ ስትሮጥ ብቻ ይታዘንላት መጀመሩ ነው። እምነቱ ይጠብቅ የነበረው ጤናዋን ሳይሆን ቦታዋን ነበር።

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። ሥራ ስፖርት ነውን? እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶብሶች ሠራተኞች አነጻጽረው፣ ቀኑን ሙሉ ደረጃ የሚወጡትና የሚወርዱት ትኬት ቆራጮች ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ያነሰ የልብ ሕመም እንደሚያገኛቸው ጻፉ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ሲመክር፣ የእግር መንገድንና ሥራን ጭምር ይቆጥራል። ስለዚህ ገበሬው በከፊል ትክክል ነው። የሚሳሳተው ድካምን ሁሉ ስልጠና ሲያደርገው ነው። ስልጠና ጫናው በመጠን የሚያድግ፣ ዕረፍትና ምግብም የተመደበለት ነገር ነው። በእርሻ፣ በአረምና በአጨዳ ወቅት ወገቡ እስኪጎብጥ የሚሠራ፣ ዕረፍቱን ግን የማይመርጥ ሰው ጉልበቱን እያጠራቀመ ሳይሆን እያወጣ ሊሆን ይችላል። በላብ ብዛት ብርታትን መለካትም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ ላብ የሙቀት ምልክት እንጂ የብርታት ሚዛን አይደለም።

ነገሩ ዛሬ አስቸኳይ የሆነበት ምክንያት አለ። አባቶቻችን ስለ እንቅስቃሴ ማሰብ ያላስፈለጋቸው ኑሮው ራሱ ስላስገደዳቸው ነው። አሁን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጎዳናዎች ባጃጅ አለ፤ ወፍጮ ቤት አለ፤ ቀኑን በወንበር የሚያሳልፍ የቢሮ ሠራተኛ አለ። ኑሮው ተለውጦ እምነቱ ሳይለወጥ ቀርቷል። «እኛ ደገኞች በተፈጥሯችን ብርቱ ነን» የሚለው አባባል፣ እግሩ ዳገት የማያውቅ ትውልድ የሚጽናናበት ውርስ ሆኗል። የግመሎቹ ታሪክ ግን ብርታት በስም እንደማይወረስ ይነግረናል።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ተማሪዎች ብዙዎቻችሁ መምህራን ትሆናላችሁ። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ለፈተና በማይቆጠር ትርፍ ሰዓትነት ሲታይ፣ ሰዓቱም ለሌላ ትምህርት ማካካሻ ሲሰጥ ታያላችሁ። ያን ጊዜ በቆጂን አስታውሱ። አንድ መምህርና አንድ ሜዳ ምን እንደሠሩ ታሪክ አሳይቶናል። ከእናንተ የሚጠበቀው ሻምፒዮን ማፍራት ብቻ አይደለም፤ ልጅቱንም፣ ልጁንም፣ የቢሮውን ሠራተኛም «ይህ የእናንተም ነው» ማለት ነው።