የአቃቂ ወንዝ በፍርድ ቤት፦ ብክለትን የሚገድብ ሕግና የሕዝብ አቤቱታ

ስለ አቃቂ ወንዝ መበከል ብዙ ተጽፏል። የኬሚስትሪ ሊቃውንት የውሃውን ይዘት መርምረዋል፤ የጤና ባለሙያዎች በወንዙ የሚለማውን አትክልት ፈትሸዋል፤ መሐንዲሶችም የፍሳሽ ማጣሪያ ንድፍ አውጥተዋል። ይህን ብክለት በሕግ ለማስቆም የተደረገው ጥረት ታሪክ ግን እምብዛም አልተነገረም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ታሪክ ባጭሩ ማቅረብና ከታሪኩ የሚገኘውን ትምህርት ለሙያ ባልደረቦች ማስገንዘብ ነው። ትምህርቱ ይህ ነው፤ ብክለትን የሚከለክል ሕግ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ሕጉ ሳይፈጸም ሲቀር ተጎጂው በማን ላይ አቤት እንደሚል በሕጉ ውስጥ ተለይቶ መቀመጥ አለበት።

፩. ወንዙና ዳርቻው

አቃቂ ሁለት ክንዶች አሉት። ትንሹ አቃቂ ከከተማይቱ ሰሜን ምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ ከፍታዎች ይነሣሉ። ሁለቱም አዲስ አበባን ከላይ እስከ ታች አቋርጠው፣ በየመንገዳቸው የከተማይቱን ጉድፍ እየሰበሰቡ ወርደው በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ። ስለዚህ የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ የገዛ ሠፈሩን ፋብሪካዎች ፍሳሽ ብቻ ሳይሆን፣ ከእንጦጦ ግርጌ ጀምሮ ወደ ወንዝ የተጣለውን ሁሉ የሚቀበል ነው። የራስጌው ሠፈር ያጠበበትን ውሃ የግርጌው ሠፈር ያጠጣበታል።

አባ ሳሙኤል በአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተገነባውና 6.6 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ይህ ጣቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሥራውን ካቆመ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. በቻይና እርዳታ ታድሶ እንደገና ሥራ ጀምሯል። ሐይቁ ግን ከላይ የሚወርደውን ደለልና ቆሻሻ ሁሉ ሲቀበል ኖሯል፤ የእምቦጭ አረምም ወርሮታል።

ፋብሪካዎች ወደዚህ አካባቢ የመጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በአቃቂ በኩል ያልፍ ነበር፤ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ የሚወስደው አውራ ጎዳናም በዚያው ይሄዳል። ሜዳው ሰፊ፣ ውሃውም ቅርብ ነበር። በዚህ ምክንያት የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የምግብና የኬሚካል ፋብሪካዎች በቃሊቲና በአቃቂ ተተከሉ፤ ከፍ ብሎ ደግሞ በትንሹ አቃቂ ዳርቻ የቆዳ ፋብሪካዎች ተሠሩ። ለእነዚህ ሁሉ ወንዙ ድርብ አገልግሎት ነበረው፤ በአንድ በኩል ይቀዱበታል፣ በሌላ በኩል ይደፉበታል። በዚያን ዘመን የፋብሪካ ፍሳሽን መጠንና ይዘት የሚገድብ ራሱን የቻለ ሕግ አልነበረም።

ወደ ወንዙ የሚገባው ብዙ ዓይነት ነው። ከቆዳ ማልፊያ ክሮሚየም፣ ከጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ፣ ከጋራዥና ከመኪና ማጠቢያ የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ፣ ከመኖሪያ ቤት ደግሞ የመጸዳጃ ፍሳሽ ይወርዳል። ቃሊቲ የሚገኘው የከተማይቱ ፍሳሽ ማጣሪያ ለረጅም ጊዜ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ብቻ እንዲያጣራ የተሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ዐቅሙ ወደ 100,000 ሜትር ኩብ ከፍ ብሏል። ይሁን እንጂ ይህ ጣቢያ የሚያጣራው በቧንቧ የሚደርሰውን የከተማ ፍሳሽ እንጂ ከየፋብሪካው አጥር ሥር በቀጥታ ወደ ወንዝ የሚለቀቀውን አይደለም።

በዚሁ ውሃ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ይለማል፤ ከብትም ይጠጣል። በወንዙ ዳርቻ የሚበቅለው አትክልት ተጭኖ ወደ ከተማው ገበያ ይመለሳል። ልዩ ልዩ ጥናቶች በቅጠላ ቅጠሎቹና በአፈሩ ውስጥ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ብረቶችን አግኝተዋል። ከዚህም ሌላ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚቀዳው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው። እንግዲህ ጉዳዩ የአንድ ዳር ሠፈር ችግር ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

፪. ከሕገ መንግሥቱ እስከ ዐዋጁ

ሕጉ የመጣው ከፋብሪካዎቹ ብዙ ዘግይቶ ነው። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደነገገ። በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ መሆኑን፣ ሕዝቡም በሚመለከተው የአካባቢ ፖሊሲ ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ገለጸ። በዚያው ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በዐዋጅ ቁጥር 9/1987 ተቋቋመ፤ በ1989 ዓ.ም. የአገሪቱ የአካባቢ ፖሊሲ ጸደቀ። በ1995 ዓ.ም. ሦስት ዐዋጆች ተከታትለው ወጡ፤ እነርሱም የአካባቢ ጥበቃ ተቋማት ማቋቋሚያ ዐዋጅ ቁጥር 295፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ዐዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300 ናቸው።

ከእነዚህ መካከል ለሕዝቡ አዲስ በር የከፈተው የመጨረሻው ነው። የበሩን አዲስነት ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማስታወስ ያሻል። በ1958 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 33 ከሳሽ የሚሆን ሰው በጉዳዩ ላይ የራሱ ጥቅም ያለው መሆኑን እንዲያሳይ ያስገድዳል። በዚህ ሥርዓት ሰው ስለ ማሳው፣ ስለ ከብቱ ወይም ስለ ጤናው መክሰስ ይችላል፤ ስለ ወንዙ ግን አይችልም። ወንዝ የሁሉም ስለሆነ በሕግ ዓይን ከሳሽ አልነበረውም።

ዐዋጅ ቁጥር 300 በአንቀጽ 11 ይህን ቀየረው። ማንኛውም ሰው የራሱን ጥቅም ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለሚመለከተው የክልል መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንዲችል ፈቀደ። መሥሪያ ቤቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልተደሰተ፣ በስልሳ ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል። በሌላ አነጋገር ወንዙ ከሳሽ አገኘ።

፫. ክሱ

ይህን በር አንኳክተው ካለፉት መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል፣ በምኅጻር ስሙ አፓፕ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ዐቅም ለሌላቸው ወገኖች የሕግ ድጋፍ በመስጠትና የሰብአዊ መብት ትምህርት በማዳረስ ይታወቅ ነበር። የአቃቂና የሞጆ ወንዞች በፋብሪካና በከተማ ፍሳሽ መበከላቸውን በመጥቀስ፣ ባለሥልጣኑ በሕግ የተጣለበትን ብክለትን የመከላከልና የማስቆም ግዴታ አልተወጣም ሲል በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። መዝገቡ ቁጥር 64902 ሲሆን፣ ተከሳሹ ራሱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነበር።

ባለሥልጣኑ ወንዞቹን የበከልሁት እኔ ስላልሆንሁ በዚህ ክስ ልጠየቅ አይገባም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱም ክርክሩን ተቀብሎ፣ የወንዞቹን ሁኔታ የሚመለከተውን ዋና ጭብጥ ወደ መመርመር ሳይሻገር በ1999 ዓ.ም. ክሱን ውድቅ አደረገው። ይግባኙም ፍሬ አላፈራም።

ለሕግ ባለሙያ ይህ ውሳኔ ከአንቀጽ 11 ቃል አንጻር ሲታይ ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም። አንቀጹ የሚናገረው ጉዳት ስለሚያደርስ ሰው ነው፤ ባለሥልጣኑ ደግሞ አቤቱታ ተቀባይ እንጂ በካይ ተደርጎ አልተቀመጠም። ነገር ግን ወደ ወንዙ ዳር ወርዶ ጉዳዩን ለሚያይ ሰው ችግሩ ወዲያው ይገለጥለታል። ሕጉ የታሰበው አንድ በካይና አንድ ጉዳት በዓይን በሚለዩበት ሁኔታ ነው፤ በአቃቂ ግን በካዩ ብዙ ነው። አንዱ ፋብሪካ የእኔ ድርሻ ጥቂት ነው ይላል፤ ሌላው ከላይ የመጣውን ተመልከቱ ይላል፤ ጋራዡ ወደ ፋብሪካው፣ ፋብሪካው ወደ መኖሪያ ሠፈሩ ይጠቁማል። አበው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። በአቃቂ ወንዝ ሃምሳው በካይ ሎሚውን ተከፋፍሎ ቀልሎት ሲሄድ፣ ሸክሙ ሁሉ በግርጌው ገበሬ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

የማስረጃውም ነገር እንዲሁ ነው። አንድን ፋብሪካ ለይቶ ለመክሰስ ፍሳሹ ከወንዝ ሳይቀላቀል በፊት ናሙና መውሰድና በላቦራቶሪ ማስመርመር ያስፈልጋል። በዐዋጁ መሠረት ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ግቢ ገብቶ መመርመርና ናሙና መውሰድ የሚችለው የአካባቢ ተቆጣጣሪ ነው፤ ቆስጣ ተካዩ ገበሬ ግን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የውሃውን ቀለም ከማየት በቀር ሥልጣን የለውም። ማስረጃውን ሊያገኝ የሚችለው መሥሪያ ቤት ሳይንቀሳቀስ ሲቀር፣ ይንቀሳቀስ ዘንድ በፍርድ ማስገደድ ካልተቻለ፣ በአንቀጽ 11 የተከፈተው በር ለብዙኃኑ ገርበብ ብሎ የቀረ በር ነው። አፓፕ ባለሥልጣኑን የከሰሰበት አካሄድ ከዚህ አንጻር ሲመዘን የሚያስኬድ ምክንያት ነበረው።

፬. የሌሎች አገሮች ልምድ

ተመሳሳይ ጥያቄ በሌሎች አገሮችም ተነሥቶ የተለየ መልስ አግኝቷል። በሕንድ አገር ኤም. ሲ. መህታ የተባሉ ጠበቃ ስለ ጋንጀስ ወንዝ ባቀረቡት ክስ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. በካንፑር የሚገኙ ቆዳ ፋብሪካዎች የመጀመሪያ ደረጃ ማጣሪያ እስኪተክሉ እንዲዘጉ አዘዘ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ወደ ከተማይቱ ማዘጋጃ ቤት ዞሮ በሕግ የተሰጠውን የጽዳት ግዴታ እንዲፈጽም አዘዘው። ማዘጋጃ ቤቱ እኔ ቆዳ አላለፋሁም ብሎ ነጻ አልወጣም።

በነዳጅ ዘይት ብክለት ለተጎዳው የናይጄሪያ ኦጎኒ ሕዝብም እንዲሁ ነው። ሁለት ድርጅቶች ባቀረቡት አቤቱታ፣ የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. የናይጄሪያን መንግሥት ጥፋተኛ አድርጎታል። ኮሚሽኑ ከመንግሥት የሚፈለገው ራሱ ከመበከል መታቀብ ብቻ ሳይሆን፣ ኩባንያዎች ሕዝቡን እንዳይጎዱ መጠበቅም ጭምር መሆኑን አስረድቷል። ከአራት ዓመት በኋላም እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. በቤኒን ከተማ የተቀመጠው የናይጄሪያ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከነዳጅ ጉድጓድ የሚወጣን ጋዝ በአየር ላይ ማቃጠል የነዋሪዎችን የሕይወትና የክብር መብት ይጥሳል ሲል ፈርዷል። ፍርዱ በአግባቡ ባይፈጸምም መርሑ ተመዝግቧል። የአፍሪካውን ቻርተር አገራችንም እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ተቀብላዋለች።

፭. የ2001 ዓ.ም. ሁለት ሕጎች

ከአቃቂው ውሳኔ በኋላ በ2001 ዓ.ም. ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 159 ነው፤ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን በተወሰነው ደረጃ እንዲጠብቁ፣ እንዲከታተሉና መዝገብ እንዲይዙ አዘዘ። ሁለተኛው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት ዐዋጅ ቁጥር 621 ነው፤ ከገቢያቸው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ።

ሁለቱ ሕጎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ትርጉማቸው ይጎላል። በካዩን የሚገድበው ሕግ በተጠናከረበት ዓመት፣ ያ ሕግ ካልተፈጸመ አቤት ሊሉ የሚችሉት ማኅበራት አፍ ተያዘ። ይህ ክልከላ በ2011 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1113 እስኪሻር ድረስ ለአሥር ዓመት ጸንቷል። በእነዚያ ዓመታት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም በተደጋጋሚ ስሙንና ማዕረጉን ቀይሯል፤ በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር፣ በ2011 ዓ.ም. ኮሚሽን፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ ባለሥልጣን ሆኗል። ወንዙ ግን በዚያው ቀለሙ ሲወርድ ነበር።

፮. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተገለጸው ሦስት ነገሮችን ማጤን ይገባል። በመጀመሪያ፣ የአንቀጽ 11 መብት ከነድክመቱ ሕያው ነው፤ በብዛት ያልተሠራበትም በር ነው። የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ አንድን ለይቶ የሚያውቀውን በካይ ስም ጠርቶ፣ ቀንና ሰዓት መዝግቦ በጽሑፍ ቢያመለክት፣ የሠላሳው ቀን ቆጠራ ይጀመራል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ብዙ በካይ ባለበት ወንዝ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግዴታውን ባለመፈጸሙ በግልጽ የሚጠየቅበት ድንጋጌ በሕጉ ሊጨመር ይገባል። ወንዙ በአዲስ አበባ ተበክሎ ወደ ኦሮሚያ መሬት ስለሚሻገርም፣ ከሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የትኛው እንደሚጠየቅ ተለይቶ መነገር አለበት።

ሦስተኛው ጉዳይ እኛን ይመለከታል። ገበሬው የውሃውን ቀለም ያውቃል፤ ኬሚስቱ ይዘቱን ያውቃል፤ ጠበቃው የክሱን ጊዜ ገደብ ያውቃል። እነዚህ ሦስቱ እስካሁን በአንድ መዝገብ ውስጥ እምብዛም አልተገናኙም። የ1999ኙ መዝገብ የተዘጋው የውሃው ይዘት በማስረጃ ሳይሰማ ነው። የሚቀጥለው መዝገብ ሲከፈት ናሙናው ከቧንቧው አፍ የተወሰደ፣ ምርመራው የተፈረመበት፣ ተከሳሹም ተለይቶ የታወቀ እንዲሆን ማድረግ የሙያ ማኅበራት ሥራ ነው።