የአራዳ ምሽት፦ ሰሌዳ ያልነበራቸው በሮች

ከመርካቶ ተነሥቶ ወደ አራዳ የሚያቀና እግረኛ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይን ሲሻገር ከአንድ ዘመን ወደ ሌላ ዘመን የተሻገረ ያህል ነው። ድልድዩ የሚጠራበት ሰው ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ አባ መቻል፣ የዳግማዊ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር፣ በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ቃላቸው የሚፈራ፣ በፍርድ አዋቂነታቸው የሚወሱ ሰው ነበሩ። የመኳንንቱ ስም እንዲህ በድልድይ፣ በሰፈርና በጎዳና ላይ ቀርቷል። እኔ ግን አንባቢዬን በዚህ ምሽት ይዤው መዞር የምሻው ስማቸው የትም ያልተጻፈውን ቤቶች ነው፤ የአራዳን ጠላ ቤቶች፣ ጠጅ ቤቶችና በየጉራንጉሩ የተሸሸጉትን ቡና ቤቶች።

«ቡና ቤት» ስንል ቡና የሚጠጣበት ቤት ማለታችን እንዳልሆነ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። ስሙ ራሱ መጋረጃ ነው። ጠላ ቤቷ ደግሞ በዘንግ ጫፍ ላይ ከተደፋች ጣሳ በቀር ሌላ ማስታወቂያ አልነበራትም። የቤቱ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ሴት ነበረች፤ በገጠር ትዳሯን ፈትታ ወይም ችግር ገፍቷት ከተማ የገባች፣ ከእንሥራዋና ከእጇ ሙያ በቀር መነሻ ያልነበራት። ደንበኞቿም በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረው የአራዳ ገበያ ሲነግዱ የዋሉ፣ ሙግት ይዘው ከሩቅ አገር የመጡ ባለጉዳዮች፣ ደጅ ጥናት ያሰለቻቸው ሎሌዎች ነበሩ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ምዕራብ ወስዶ ዛሬ መርካቶ የምንለውን ሲመሠርት አራዳም ፒያሳ ተባለች። ጠጪው ግን የለመደውን ጓሮ አልረሳም።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ መካከል ላይ ቆሟል። አንዱ ጠጪ ብርሌውን ከአፉ አውርዶ «ተቀበል!» ይላል፤ ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል። አዝማሪውም ተቀብሎ፣ በዜማ አሽቶ፣ ለቤቱ ይመልሰዋል። ግጥሙ የማን ነው? ሰጪው «የዘፈነው አዝማሪው ነው» ይላል፤ አዝማሪው «ሰው ሰጥቶኝ ነው» ይላል፤ የተቀመጠው ሁሉ የሰማሁት ሰሙን ብቻ ነው ብሎ ይምላል፤ ወርቁን ግን እያንዳንዱ በልቡ ይዞ ወጥቷል። ሳንሱር ጋዜጣና መጽሐፍን ሊመረምር ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ግጥም ግን ከየትኛው አፍ ይይዘዋል? የሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ስለ ማተሚያ ቤቶች ብዙ ተርኮ ስለ ጠጅ ቤቶች ጥቂት ብቻ ማለቱ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ባለሥልጣን ግን የነዚህን ቤቶች ነገር አልናቀም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ አዲስ አበባ በደም ታጠበች። ከጭፍጨፋው በኋላ በነበሩት ሳምንታት እንዲገደሉ ከታዘዘባቸው ወገኖች መካከል ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና እየዞሩ የሚያዜሙ ዘፋኞች ይገኙበታል፤ የጣሊያን አገዛዝ ማለቂያው ቀርቧል እያሉ ያወራሉ ተብለው። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የታጠቀ ኃይል ማሲንቆን ፈራ!

ከነጻነት በኋላ የሌሊቱ ዝና ወደ ውቤ በረሃ ዞረ። ሰፈሩ የተሰየመው በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው፤ «በረሃ» የምትለዋ ቅጥያ ግን የአራዳ ልጆች ፌዝ ትመስለኛለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰው የማይነጥፍበት በረሃ! ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው ስለዚሁ ሰፈር ሴቶችና ስለ ደንበኞቻቸው ነው። መጽሐፉ ለአሥርት ዓመታት ሳይታተም ቆይቶ ኋላ ለአማርኛ አንባቢ በቃ፤ በፈረንሳይኛም «የአዲስ አበባ ሌሊቶች» ተብሎ ታተመ። በደርግ ዘመን ደግሞ ሰዓት እላፊ መጣ። ሰዓቱ ያለፈበት ጠጪ ከተቀረቀረ በር ኋላ ጎሕ እስኪቀድ መቀመጥ ግድ ሆነበት።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እቴጌ ሆቴል ሲቃጠልና በውስጡ የነበረው ጃዛምባ የሙዚቃ ቤት ሲወድም አገር ሰማ፤ እቴጌ ጣይቱ ያቆሙት ሆቴል ነውና ስም ነበረው። በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በተመረቀበት ሰሞን፣ በኮሪደር ልማቱ፣ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ሲፈርሱ ግን ከየትኛው በር ኋላ የማን እንሥራ ተጥዶ እንደነበር የሚናገር መዝገብ አልነበረም። ድህነቱን ላሞግስ አልሻም። ጣራው ያፈስ ነበር፤ ፍሳሹ በደጃፍ ያልፍ ነበር፤ በእነዚያ ቤቶች የመሸባቸው ሴቶች ያዩትን መከራ በትዝታ ዘፈን መሸፈንም ነውር ነው። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው፤ ቤቱ ሲፈርስ ባለቤቲቱ ከነ ስሟ፣ ከነ ሰማችው ግጥም መሄዷ ነው።

ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሰፊ የእግረኛ መንገድና በረድፍ የቆሙ መብራቶች ያገኛል። የጣሳዋ ዘንግ የት እንደነበረ በጣታቸው ሊያሳዩ የሚችሉት ብዙዎቹ በከተማዋ ዳርቻ ወዳሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሄደዋል። ከእነርሱ አንዲቱን ያገኘ ሰው ቢኖር፣ ግጥሙን ከመጠየቁ በፊት ስሟን ይጠይቅልኝ።